ሸጦ መውጣት

ገበያ ማለት ሰው ያለውን ይዞ ሄዶ የሌለውን ይዞ የሚመለስበት ስፍራ ነው። ይህ ፍቺ ለእኔና ለእናንተ ይበቃል፤ ለዓለም ባለሀብቶች ግን አይበቃም። እነሱ አገሩን ሁሉ በደረጃ ይመድቡታል፤ የለማ ገበያ፣ ታዳጊ ገበያ፣ ከታዳጊም ዝቅ ሲል የጠረፍ ገበያ። መመዘኛው ሀብት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባዳ ሰው እንደልቡ ገዝቶ መግባት፣ ሲያሰኘውም ሸጦ መውጣት መቻል አለበት።

ይህን ነቀምቴ ውስጥ ለተማሪዎች አስተምራለሁ። ሐምሌ ማብቂያ ላይ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ኡኬ ገበያ በግ ስመርጥ ለደላላው ለኦቦ ድንቃ አስተማርኳቸው። በትዕግሥት ሰምተው የኡኬ ገበያ ከየትኛው እንደሚመደብ ጠየቁኝ። በጉን በቀላሉ ስላገኘሁ ታዳጊ ነው አልኳቸው።

በጉ ለእናቴ ነበር። የምራቷን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ልታይ ከጎጃም ትመጣለች። ባለቤቴ ሌሊሴ የነቀምቴ ልጅ፣ የጴንጤ ቤት ልጅ ናት፤ አማቷ ፊት እንዳታፍር ስትጨነቅ ሰንብታ፣ በግ ሳይታረድ ምኑን ተቀበልናት አለች። ጾም በማያውቅ ቤት ስኖር የጾሙ ወራት ከራሴም ጠፍቶ ኖሯል። በጉን እየጎተትኩ ስገባ እናቴ ደወለች። ነገ ፍልሰታ ይገባል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ ሽሮ ልያዝ ወይ?

ሌሊሴ በጉን አየች፣ እኔን አየች። "ጾም መግባቱን የማያውቅ ጎጃሜ ከየት አገኘሁ?" አለች ዝግ ብላ። አማቷ በጉን ካየች፣ ልጄን ከጾም ያስወጣችው እሷ ናት ትላለች ብላ ፈራች።

በሳምንቱ ልሸጠው ኡኬ ተመለስኩ። አንዱ ጥርሱን አየ፣ ሌላው ጀርባውን ዳበሰ። ለምን እንደምሸጠው ሲጠይቁኝ ጾም ነው አልኩ። እንግዲያው አብሮህ ይጹማ ብለው ሳቁብኝ።

"ባርሲሳ" አሉኝ ኦቦ ድንቃ፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው። "በሳምንቱ የተመለሰ በግና በሳምንቷ የተመለሰች ሙሽራ አንድ ናቸው። ሰው ሁሉ ምን ተገኘባቸው ይላል።"

እዚያው ቆሜ የኡኬን ገበያ በልቤ ወደ ጠረፍ አወረድኩት። በጉን በባጃጅ ይዤ ተመለስኩ።

እናቴ መጣች። ሌሊሴ በሩ ላይ ቆመች። እናቴ በጉን ዞረችው፣ ወገቡን ጫን ጫን አደረገችው።

"ለፍስኩ አስቀድመሽ አሰብሽልኝ? ልጄ እንኳ ይህን አያስብም።"

ሌሊሴ አየችኝ። "አዎ፣ እማማ" አለች።

እናቴ ለሦስት ቀን ነበር የመጣችው። የተገዛላትን በግ አቁማ መሄድ ነውር ሆነባትና እሷም መውጣት አቃታት፤ ጾሙ እስኪፈታ ከምራቷ ጋር ስታወጋ ከረመች። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ጾም መግባቱን የምትነግረኝ ጴንጤዋ ናት።