የአዞ ዘመድ መርዶ

አበው “ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት” ይላሉ። መርካቶ ግን ወሬ ሲነግሩት ሌላ ወሬ ነው የሚጨምርበት። ሁሉም ቸኩሏል፤ ግማሹን ይሰማና የቀረውን ከኪሱ ሞልቶ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ይህን ሕዝብ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬዋለሁ ስላችሁ ታዝኑልኝ ይሆናል። እዘኑ፤ ይገባኛል።

ባለፈው የበር ማጠፊያ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ወጣሁ። ጋሽ ሙዘይን የሚባሉ አሮጌ ብረት ሻጭ፣ ሸራቸውን ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭነውበታል። ድንጋይ አልኩ? ይቅር ይበለኝ! ክንዴን የሚያህል፣ ጥርሱ እንደተሰደረ ድንጋይ የሆነ መንጋጋ ነው እንጂ። ከየት አመጡት ብላቸው፣ ከአፋር ከመጣ ቁርጥራጭ ብረት ጋር ተደባልቆ መምጣቱን ነገሩኝና “ከባድ ነው፣ ሸራ አያስነሳም” ብለው አሞገሱልኝ። እስቲ አስቡት! ሰው የሚባል ሳይፈጠር ወንዙን ሁሉ ያዙኝ ልቀቁኝ ሲልበት የኖረ አውሬ፣ መጨረሻው የጋሽ ሙዘይን ሸራ ጠባቂ መሆን ነው?

ዝም ብዬ ወደ ሙዚየም መሮጥ ነበረብኝ። ግን አስተማሪ ዝም ይላል? ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ “ይህ የአዞ ዘመድ ቅሪተ አካል ነው! ማንም እንዳይነካው!” ብዬ አወጅኩ። ከዚያ ባለሙያ ላመጣ ሄድኩ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መርካቶ ውስጥ ሰው እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያ ሲያሳድስ ብቻ ነው። ሶማሌ ተራ ሸምሱ የሚባል ደላላ አለ፤ ከሻጭም ከገዢም ስለሚበላ “አዞ” ይሉታል። ሸምሱ ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አያውቀውም። ታናሽ ወንድሙ ኑሪ በአፋር አድርጌ ጅቡቲ እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ ተሰምቶ አያውቅም። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

የሙዚየሙ ባለሙያ እስኪገኝልኝ ሦስት ቀን ፈጀ። ይዤው ስመጣ የጋሽ ሙዘይን ሱቅ ተዘግቷል። የት ሄዱ ብል፣ አብነት ሰፈር፣ ለቅሶ ቤት። የማን ለቅሶ? የአዞ! አፋር የወንድሙ አጥንት ተገኝቶ፣ የተማረ ሰው አይቶ አረጋግጦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ በማለዳ መርዶ ተነገረው። የተማረው ሰው እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው፤ ባለሙያውን እዚያው አቁሜ ወደ ለቅሶው ሮጥኩ።

ድንኳኑ ውስጥ መንጋጋው በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሸምሱ አጠገቡ ሆኖ ያለቅሳል። ጋሽ ሙዘይንን ጎተት አድርጌ፣ የሰው መንጋጋ ይህን ያህላል ወይ፣ ጥርሱንስ አላዩም ወይ አልኳቸው። “ሸምሱስ ጥርሱ ትልልቅ አይደል? ዘር ነው ብለን ነው” አሉኝ። ድንጋይ መሆኑስ? “በረሃ አይደል? ያደርቃል።” እንግዲህ ከዚህ ሕዝብ ጋር ነው የምኖረው።

ደሜ ፈላ። መሀል ቆሜ፣ ይህ አውሬ መሆኑን፣ የዛሬው አዞ የሩቅ ዘመድ መሆኑን፣ ከሞተም ብዙ ሚሊዮን ዓመት እንዳለፈው አስረዳሁ። አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ “ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት መርዶ ሳይነገረው?” አሉ።

ሸምሱ ግን ተነስቶ እጄን ያዘ። “እንግዲያው ጋሼ፣ ኑሪ አልሞተም በሉኛ?” አለኝ። ስለ መንጋጋው አንድ ሰዓት ሙሉ መናገር እችላለሁ፤ ስለ ኑሪ አንድ ቃል አላውቅም። ያን ጊዜ በእውነት አፈርኩ።

ይህን ስናወራ ከበር በኩል ዋይታ ተሰማ። አንድ በፀሐይ የከሰለ ሰውዬ ሻንጣውን ጥሎ፣ ደረቱን እየደቃ ገባ። ኑሪ ነው! ለካ ጅቡቲ መሻገር አቅቶት፣ ሳይሳካልኝ ምን ብዬ እደውላለሁ ብሎ፣ እዚያው አፋር፣ ሎጊያ ከተማ ጎማ ቤት ሲሠራ ኖሯል። የብረት ጫኝ ሾፌሮች “አዞ ዘመድ ሞቶበታል” ቢሉት ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ መድረሱ ነው።

የወንድሙ አንገት ላይ ተጠምጥሞ፣ “ማን ነው የሞተብን? ንገረኝ እንጂ፣ ማን ነው?” እያለ ይጮሃል።

ሸምሱ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

“አንተ” አለው።