ጣሪያ የሚለኩት ጎረቤቴ

በየሰፈሩ ለክቶ የማይረካ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡርነታቸው ጋሽ ሜትር ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ጨርሰው መቀሱን አስቀመጡ እንጂ ሜትሩን ከአንገታቸው አላወረዱም። አሁን የሚለኩት ጣሪያ ነው።

«ከተማውን በፀሐይ ለማብራት ስንት ሜዳ ይፈጃል?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጣቸው ይውላል።

«ምን ሜዳ አመጣው? ከተማው እኮ ሜዳውን አናቱ ላይ ተሸክሞት ነው የሚኖረው!»

ታክሲ ውስጥ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው የባንኩን ጣሪያ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ጋር ይደምራሉ። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ትተው አዳራሹን ቀና ብለው ያያሉ። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናህ» ሲለኝ፣ እሳቸው ኮርኒሱን ሲያዩ ቆይተው «ይኼ ቤት ለራሱ በርቶ ለጎረቤት ይተርፈዋል» አሉኝ። ከዚያ ሳምንት ወሬ ሁሉ ያልረሳሁት እሱን ነው።

ባለፈው ዓመት የሕንጻችን ኮሚቴ የፀሐይ ፓኔል ሊያስተክል ወሰነ። ሊቀመንበሯ ጣሪያውን ገርመም አድርገው «አይበቃም፤ የጓሮው አትክልት ይነሳና እዚያ ይተከላል» አሉ። አትክልቱን ያለማችው ባለቤቴ ናት። እኔ ስብሰባ ላይ መናገር አይሆንልኝም።

ጋሽ ሜትር ተነሱ። «እትዬ፣ ጨርቁን ሳይዘረጉ አነሰ አይበሉ። እስቲ አንሶላ ይምጣ!»

በማግስቱ የየቤቱ አንሶላ በፓኔል ልክ እየታጠፈ ጣሪያው ላይ ተዘረጋ፤ ነፋስ እንዳይወስደውም ድንጋይ ተጫነበት። እኔም ስንት ጊዜ ያልከፈትኩትን ቁም ሣጥን ከፍቼ የእሷን ባለ አበባውን አወጣሁ። የመጨረሻው ሲነጠፍ ክቡርነታቸው ከወዲያኛው ጥግ «ገባ! ሁሉም ገባ!» ብለው ጮኹ።

«መግባቱንስ ገባ፤ እርስዎ በየት በኩል ሊወጡ ነው?» አሉ ሊቀመንበሯ።

መተላለፊያ ረስተዋል። ጀርባቸው ግድግዳ፣ ፊታቸው አንሶላ ሆኖ ቆመዋል። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ለመተላለፊያው አንሶላ ከተነሳ አትክልቱ መሄዱ ነው ብዬ ቁልቁል ጓሮውን አየሁ።

እሳቸው ከጎናቸው የተቆለለውን ኮተት ዞር ብለው አዩ፤ ባለቤት የሌለው ስባሪ ወንበር፣ የማይሠራ ዲሽ፣ የተቀደደ የውሃ ታንከር።

«ጣሪያው መቼ ጠበበ? ያጠበብነው እኛ! ይኼ ሁሉ ይውረድ!»

ወረደ። አንሶላዎቹ ወደዚያ ሲጠጉ መሃል ለመሃል ሰው እንደ ልቡ የሚያልፍበት መንገድ ተከፈተ፤ ክቡርነታቸውም እንደ ጄኔራል ደረታቸውን ነፍተው ተራመዱበት። ጭብጨባው ታች መንገድ ድረስ ተሰማ።

«እሺ ጋሼ፣ አሸነፉ» አሉ ሊቀመንበሯ። «አትክልቱ አይነካም።»

ፓኔሉ ሥራ የጀመረ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ የእኛ ሕንጻ ብቻውን ቀን በባትሪ ባጠራቀመው ፀሐይ ቦግ ብሎ ቀረ። በየበረንዳው እልል ተባለ። ጋሽ ሜትርን ላመሰግን ብፈልጋቸው ጓሮ አገኘኋቸው፤ አትክልቱ መሃል ቆመው በጨለማ የተዋጠውን የማዶውን ሕንጻ ያያሉ። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

«የዚያኛው ጣሪያ ደግሞ ይሰፋል። ጠዋት ልሄድበት ነው። ብቻ የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው ባገኝ...»

ክቡርነታቸው ሰው ለምነው አያውቁም።

«በስንት ሰዓት?» አልኳቸው።