የግድግዳው ሽቦ ከየት ይመጣል?

በእኛ ሰፈር ብርድ የሚለካው በጋቢ ነው። አንዱ ካልበቃን ሁለት እንደርባለን፤ ሁለቱም ካልበቁ «ዘንድሮስ ክረምቱ ጨከነ» ብለን እንተወዋለን። ስለዚህ የባለቤቴ ወንድም ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ፣ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጋር አንዲት ክብ ዕቃ አውጥቶ «ይቺ ቴርሞስታት ትባላለች፤ ግድግዳ ላይ ሆና ክፍሉ ሲበርድ ማሞቂያውን ትከፍታለች፣ ሲሞቅ ትዘጋለች» ሲለን፣ አልዋሻችሁም፣ ልቤን የማረከችው እሷ ነች። መብረዱን ማን ይነግራታል? ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ነቀነቅኳት። ምንም አላለችም።

ልሰቅላት የቸኮልኩት ግን ለጉጉቴ ብቻ አልነበረም። አማቼ አቶ በዛብህ ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ሐኪሙም ክፍላቸው እንዳይቀዘቅዝ አጥብቆ ነግሮናል። የምንኖረው ፒያሳ፣ እሳቸው በደህናው ጊዜ ባሠሩት ቪላ ውስጥ ነው። ሳሎን ያለበትን ግማሽ አከራይተውት ስለነበር፣ አዋጁ ሲመጣ «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ። መሐሉ በጡብ ተደፈነና ቀበሌው ወዲያኛውን ለወይዘሮ አስካለ መራው። ስምንት ዓመት ሲጎራበቱ አማቼ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ቃል አልተነፈሱም።

እሑድ ከሰዓት የቆጣሪያችንን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ማንም ተሳስቶ እንዳይመልስብኝ። ብልህ ነኛ! አምፖሉ ጠፋ። ቴርሞስታቷን የምሰቅልበት ቦታ ላይ የነበረውን አሮጌ ማብሪያ ፈትቼ ጣቴን ስሰድ፣ አማቼ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ቆይ አንተ! መጀመሪያ በቴስተር ንካው።»

«አባባ፣ ፊውዙ እኮ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ንካው አልኩህ!»

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር። ነካሁት። የቴስተሩ መብራት ቦግ አለ። ሽቦው ኤሌክትሪክ አለው!

«እሱ ሽቦ የሚመጣው ከሳሎኑ ነው፤ ያዘረጋሁት እኔ ነኝ» አሉ ሳል እያቋረጣቸው። «ያካፈሉት ቤቱን ነው፤ ሽቦውን ማን አካፈለው?»

እንግዲህ የወይዘሮ አስካለም ፊውዝ መውጣት አለበት። ሽቦው የት ጋ እንደሚገነጠል የሚያውቁት ደግሞ አማቼ ብቻ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው በአጥሩ ዞሩና የገዛ በራቸውን አንኳኩ።

«ይግቡ እንጂ አባቴ፣ ቤትዎ አይደል!» አሉ ወይዘሮ አስካለ፤ ሁላችንም ለእንግዳ እንደምንለው። ወዲያው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ አማቼ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሁለቱም ፊውዝ ወጥቶ ቴስተሩ ዝም ሲል ነው እጄን ያስገባሁት። ሽቦውን ከሳሎኑ ለይቼ ወደ እኛ ቆጣሪ አዞርኩት፤ ቴርሞስታቷንም ሰቀልኳት። ሲበርድ ቀጭ ትላለች፣ ሲሞቅ ቀጭ ትላለች፤ ንግግሯ ይኸው ነው።

አማቼ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እራት እስኪደርስ ከወይዘሮ አስካለ ሳሎን አይጠፉም። ሳሎኑ ማሞቂያ የለውም።

«አባባ፣ ክፍልዎ እኮ ሞቋል» ስላቸው፣

«ሳሌ እዚያ ይተወኛል» ይሉኛል።

ቴርሞስታቷም ባዶ ክፍል ታሞቃለች። ምን ታድርግ? እሷ የምታውቀው የክፍሉን ብርድ ነው።