ከሁሉ ጮክ ያለው አሚን

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል ያገሬ ሰው። ማለቱን ይላል። ልጅ ሲጠፋ ግን አገር ተነስቶ ይፈልጋል፤ ቃል ሲጠፋ ማንም ከመቀመጫው አይነሳም። እኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። የሰውን ብሶት በሕግ ቋንቋ እያሳመርኩ እውላለሁና ስለ ቃል አውቃለሁ ባይ ነኝ። ኋላ ብትታዘቡኝ አልቀየማችሁም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ሰይድ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ቋሚ ሥራ ነበረው። እዚህ ብቻቸውን የሚኖሩት እናቱ እትዬ ዘይነባ ዓይናቸው መጥፋቱን ሰምቶ ሊያያቸው መጣ። እኔና ሁለት ጎረቤቶችም ለጥየቃ እዚያው ተቀምጠን ነበር። የማሾ ነጋዴው ጋሽ ኑሩ ገቡና አዘኑ፤ እውነት አዘኑ።

«ልጄ፣ ምን በብርድ አገር ያንከራትትሃል? መጋዘኔ ውስጥ ሚዛን ላይ ሰው እፈልጋለሁ። ከመጪው ወር ጀምረህ ግባ፤ እናትህንም ትጦራለህ» አሉት። ደሞዙንም ቆርጠው ነገሩት። ከዚያ ዱዓ ተደረገ፤ እጃችንን ዘርግተን አሚን አልን። በኛ ቆላ ከዚህ የሚበልጥ ማኅተም የለም። እኔማ ሆዴ ተነክቶ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነበር ያልኩት።

ሰይድ ሥራውን ለቆ፣ ፍራሹን ተሸክሞ ተመለሰ። ሚዛኑ ላይ የጋሽ ኑሩ የእህት ልጅ ተቀምጦ ጠበቀው። «አላህ ያላለው ነው ልጄ። ደግሞስ በመካከላችን ምን የተጻፈ ነገር አለ?» አሉት። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

በቀጥታ እኔ ዘንድ መጣ። ሕጉን ዘረዘርኩለት፤ የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን እንደማይል፣ በቃልም እንደሚጸና፣ አሠሪው ከካደ በምስክር እንደሚረጋገጥ። ፊቱ ፈካ አለ።

«እንግዲያ ምን ቸገረኝ? አንቱስ እዚያው ነበሩ አይደል?»

የት ተቀምጬ እንደምጽፍ አልነገርኳችሁም። ጠረጴዛዬን የዘረጋሁት የጋሽ ኑሩ መጋዘን በረንዳ ላይ ነው። ኪራይ ጠይቀውኝ አያውቁም። ደጋ ያላችሁ አንባቢዎቼ በሸዋ ሮቢት ፀሐይ የአንድ በረንዳ ጥላ ምን ያህል እንደሚወደድ አይገባችሁም። «ማመልከቻውን የጻፈ ሰው ምስክር መሆን አይችልም» አልኩት። እንዲህ የሚል ሕግ የለም። እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ማመልከቻውን በነጻ ጻፍኩለት፤ በጣም አሳምሬ። የሁለቱን ጎረቤቶች ስም በምስክርነት አሰፈርኩ። እነሱም ለጋሽ ኑሩ የሚሸጡት ማሾ ነበራቸውና ችሎት ቀርበው «ዱዓውን ሰምተናል፤ የሥራውን ነገር ግን ልብ አላልንም» አሉ። ሰይድ ተረታ። ደብረ ብርሃን ያለው ቦታውም በሌላ ሰው ተይዞ ኖሯል። የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ አፋር ወረደ፤ እትዬ ዘይነባም እንደገና ብቻቸውን ቀሩ።

ባለፈው ሳምንት በበትራቸው መሬቱን እየነኩ በበረንዳው በኩል ሲያልፉ ደረጃው እንዳይጥላቸው «በዚህ በኩል እትዬ» አልኳቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ለልጄ ከሁሉ ጮክ ብለህ አሚን ያልከው አንተ ነህ። አላህ ላንተም በጭንቅህ ቀን የሚቆምልህ ሰው አያሳጣህ» አሉኝ።

አሚን ልል አፌን ከፈትኩ። ድምፄ አልወጣም።