ኔስትድ ሉፕን በጉንጬ የተማርኩበት ቅዳሜ

ወገን፣ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ፊት ጮህኩላችሁ! ቁጭ በሉና ስሙኝ።

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ኮዲንግ፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ፣ እየተማርኩ እንደሆነ ታውቃላችሁ። (ማን የማያውቅ አለ? ለቸርቹ ሁሉ ያወራሁት እኔው ነኝ።) አሥራ አንድ ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ እየተቀበልኩ ከተቀመጥኩበት የፓርኪንግ ቡዝ የምወጣበት በር እሱ ነው።

በሩ ላይ ደግሞ ኔስትድ ሉፕ የሚባል ነገር ተገትሮበታል።

ሉፕ ማለት ኮምፒውተሩን አንድ ሥራ ደጋግሞ እንዲሠራ ማዘዝ ነው። ይሄ ገብቶኛል። ኔስትድ ሲሆን ግን በአንዱ ድግግሞሽ ሆድ ውስጥ ሌላ ድግግሞሽ ይገባል። እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቴ የሚዘጋው።

ፈተናው ቀላል ነው ይላሉ። አራት ጠረጴዛ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ወንበር ቁጠሪ። የእኔ ፕሮግራም ለመጀመሪያው ጠረጴዛ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይልና ለቀሩት ጭጭ! የሦስት ጠረጴዛ እንግዳ ቆሞ ቀረ።

ሁለቴ ወድቄያለሁ። ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቅኩ ከኮርሱ ስንብት ነው።

ታዲያ ጠዋት የት ነበርኩ? እያጠናሁ?

ከተማ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አራስ ልጠይቅ! ይሉኝታ ነዋ። አምስት ደቂቃ ብቻ ብዬ ገባሁ።

ሶፋው ላይ አራት ትልልቅ ሰዎች ተደርድረዋል። ዳር ላይ ያሉትን ጋሽ ኤልያስን ሦስት ጊዜ ስሜ ሰዓቴን አየሁ። የቀሩትን በእጄ ሰላም ብዬ ላልፍ ስል፣ ከጎናቸው የተቀመጡት እማማ ሩት እጄን ያዙኝ።

"እሳቸው ጋ ሦስት ስለሞላሽ ለእኛ አለቀ? ለእኔም ከአንድ ጀምሪ እንጂ ልጄ።"

ከአንድ ጀምሪ።

ወገኖቼ፣ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። የእኔ ፕሮግራም የሚሠራው ይህንኑ ነውር ነው! የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ይደርስና ቆጠራው እዚያው ይቀራል። አዲስ ጠረጴዛ ሲመጣ ወደ አንድ ተመለስ ብዬ አላዘዝኩትም!

"ለእያንዳንዱ ሰው ከአንድ!" ብዬ ጮህኩ። አራሷ ደነገጠች፣ ሕፃኑ ነቃ፣ ጋሽ ኤልያስ ጌታ ሆይ አሉ።

እማማ ሩትን ሦስቴ ሳምኩ። ቀጥሎ ያሉትን እንደገና ከአንድ ጀምሬ ሦስቴ። መጨረሻ ላይ ያሉትንም እንዲሁ። ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ! የአራሷ ባል ውሃ አምጥቶልኝ ልጸልይልሽ ወይ አለኝ። (ጸለየልኝ፣ አሜን አልኩ፣ ሮጥኩ።)

ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌዩን፣ እንዴት እንደነዳሁት እሱ ያውቃል።

ፈተናው ላይ አንዲት መስመር ብቻ አንቀሳቀስኩ። "ወንበር ከአንድ ይጀምር" የምትለዋን ከላይ አንስቼ ለየጠረጴዛው በሚደጋገመው ሉፕ ውስጥ አስገባኋት። አሥራ ሁለቱም ወንበር ተሰልፎ ወጣ።

አለፍኩ! አልቅሻለሁ፣ አላፍርበትም።

አስተማሪዬ እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። እንዴት እንደገባኝ ስትጠይቀኝ ክላሱ ፊት ቆሜ በጉንጭ አስረዳሁ። እሷም፣ "ኦኬ፣ ማሚ ከቸርች ለመውጣት ዋን አወር የሚፈጅባት ለዚህ ነው" አለችኝ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ዕድሜ ልኬን በየእሁዱ ስሠራው የኖርኩትን ነገር ሁለቴ ወድቄ መማሬ!

እስቲ ንገሩኝ፣ ሳላውቅ የምችለው ሌላ ስንት ነገር አለ?