ማንም አልሞተም፣ ሌዘር ነው

በእኛ አገር ሰው በአንድ ጊዜ አይሞትም። መጀመሪያ «ትንሽ አመመው» ይባላል። ቀጥሎ «ሆስፒታል ገብቷል፣ ግን ደህና ነው» ይመጣል። ከዚያ አለቃችሁ ሳትጠይቁት ፈቃድ ይሰጣችኋል፤ ለዓመት ያላያችሁት አጎታችሁ «ለጉዳይ መጥቼ ነበር፣ አብረን እንሂድ» ብሎ በራችሁ ላይ ይቆማል። ምን ተፈጠረ ብላችሁ ብትጠይቁ የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ «ኧረ ምንም የለም።» እናንተን አላውቅም፣ እኔ ግን በለሰለሰ ድምፅ «ምንም የለም» ሲሉኝ ጥቁር ኮቴን መፈለግ እጀምራለሁ።

ይህን የምለው ልማዱን ለመንቀፍ አይደለም። ሰው መርዶውን ብቻውን ሳለ፣ በባዶ ሆዱ፣ በስልክ እንዳይሰማ ብለን ያመጣነው ደግ ልማድ ነው። ችግሩ በእውነት ምንም የሌለ ቀን ነው። እንዲህ ያለው ቀን ባለፈው ታኅሣሥ እኔ ቤት ደረሰ።

ባለቤቴ ጽጌ የግብርና ባለሙያ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ የገበሬ ማሳ ውስጥ ቆማ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስንዴ ስለሚመታው ዋግ አስተምራለች። የአርሲ ደጋ ፀሐይ ደግሞ አታላይ ናት፤ ጃኬት ለብሳችሁ እየተንቀጠቀጣችሁ ፊታችሁን ትጠብሰዋለች። የጽጌ ግንባር በጊዜ ተጨማደደ፣ ጉንጮቿን ማድያት ወረሳቸው። በግራ ጉንጯ ላይ አንድ ጠባሳም አለ። ታናሽ ወንድሟ ግርማ በልጅነቱ ወፍ እመታለሁ ብሎ በወንጭፍ የለቀቀው ድንጋይ የተወው ነው። እኔ ያንን ፊት እወደዋለሁ። ይህን ስንት ጊዜ ነግረሃታል ብትሉኝ፣ እሱን እንለፈው።

ልጃችን ለጥር ልትዳር ቀን ተቆርጧል። አንድ ቀን እናትና ልጅ ለልብስ ልኬት ሄዱ። ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ጽጌን በአክብሮት ጠየቀቻት፤ «እማማ፣ እርስዎ የሙሽራዋ አያት ነዎት?» ጽጌ ሳቀች። ቤት ገብታም ነገሩን እየሳቀች አወራችን። ራቷን ግን አልበላችም።

ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ አንድ የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ወጣቷ ሐኪም ሌዘሩ የተጎዳውን የላይኛውን ቆዳ እንደሚያነሳውና ከሥር አዲስ እንደሚተካ በትዕግሥት አስረዳችን። ጠባሳው ይለዝባል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም፤ ማድያቱም ይቀንሳል። «አደራ የምልዎት አንድ ነገር ነው» አለች። «ለአሥር ቀን ፀሐይ እንዳያገኝዎት። በመስኮት የሚገባውም ቢሆን። አዲሱ ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ይጠቁራል፤ ያ ደግሞ ከበፊቱ ይብሳል።»

ጽጌ ከሕክምናው ክፍል ስትወጣ አየኋት፤ ደነገጥኩ። ፊቷ ቀልቷል፣ አብጧል፣ እዚህም እዚያም ደም ያቀረረ ነጠብጣብ አለው። በማግስቱ ደግሞ ቅርፊት ጣለ። ሟች ቀብራ ፊቷን ስትነጭ የዋለች ሴት ካያችሁ ልክ እንደዚያ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ የሆነው ሁሉ አይገባችሁም። ጽጌ የእድራችን የሴቶች ጸሐፊ ናት። በየለቅሶው እየዞረች የሴቶችን እጅ ይዛ «እህቴ፣ ፊትሽን አትንጪ፣ የሞተ አይመለስም» የምትል እሷ ናት። አባቷ ሲሞቱ እንኳ ጣቷን ወደ ፊቷ አላነሳችም። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ፊት ተነጭቶ ቢታይ ሰው ምን ይላል?

አሰላ የገባነው በሕክምናው ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጽጌ በነጠላ ተጀቡና ከባጃጅ ወረደች። በር ላይ ነፋስ ነጠላውን ገለጠው። ያ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ውሃ ልትደፋ ወጥታ ነበር፤ አየቻት። ሳህኑን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ እትዬ አስካለ አንድ ነገር አይታ ዝም ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ ከሥራ ለምሳ ስመጣ ሳሎናችን ሞልቷል። ሴቶቹ ጥቁር ደርበዋል፣ ወንዶቹ አቀርቅረዋል። ጽጌ መኝታ ቤት በሩን ቆልፋለች። ማንም አያለቅስም፤ መርዶው ገና አልተነገረማ።

«ምን ተፈጠረ?» አልኩ።

«ኧረ ምንም የለም፤ እንዲሁ ልንጠይቃችሁ ነው» አለች እትዬ አስካለ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«ማንም አልሞተም» አልኩ እኔም። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይዞህ፣ ገብቶናል፣ ለማለት። እኔ ደግሞ ሥራዬ ቀበሌ ውስጥ ወሳኝ ኩነት መመዝገብ ነው። የሰፈሩ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በእኔ እጅ ያልፋል። በእውነት የሞተ ሰው የለም፣ መዝገቡን ማየት ትችላላችሁ ብዬ ብናገር ይባስ ብለው አንገታቸውን ደፉ። መዝጋቢው ራሱ በመዝገብ ከማለ ነገሩ የከፋ ነው ማለት ነው።

ለምን ሌዘር ነው አላልክም? ትሉኝ ይሆናል። ጽጌ አስምላኛለች። ለሠርግ ብላችሁ አታባክኑ እያለች ስታስተምር የኖረች ሴት፣ ለሠርግ ፊቴን ላስጠርብ አዲስ አበባ ሄድኩ ብላ እንዴት ታውራ? ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝምታዬም እንደ ሐዘን ተቆጠረ። ሰዎቹ ሟቹን ለማወቅ ብዙ አልደከሙም። ግርማ በኢተያ በኩል የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ይነዳል፤ ስልኩ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። የደወሉት ዲክሲስ ያሉት ኦቦ ከድር ናቸው፣ የአማቴ የእማማ ወርቄ ጎረቤት።

«ወንድሜ፣ ማሎ፣ እባክህ እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «እማማ ወርቄ ከትናንት ጀምራ እህል አልቀመሰችም። የደም ግፊት ኪኒኗንም እምቢ ብላለች። ልጄ ከሌለ ለማን ብዬ እውጠዋለሁ ትላለች። ወላሂ፣ ትናንት ወድቃ ነው ያነሳናት።»

«ኦቦ ከድር፣ ማንም አልሞተም።»

«ኢሺ» አሉ በተሰበረ ድምፅ። «በቃ ገባኝ።»

ግርማ ዘንድ ደወልኩ። ዝግ ነው። አሁንም ደወልኩ። ዝግ ነው። ኢተያ ያለ አንድ የማውቀው ነጋዴ ኮምባይነሩ ወደ ቆላው ወርዷል አለኝ፤ የት እንደሆነ ግን አያውቅም። እመኑኝ፣ የጽጌ ፊት በሌዘር መላጡን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሆኖም ሁለት ቀን ሙሉ ስለሞት ሲንሾካሾኩ ስሰማ ውዬ እኔም መጠራጠር ጀመርኩ። ማጨጃው ቢገለበጥስ? ሰዎቹ የሚያውቁት ለእኔ ያልተነገረኝ ነገር ቢኖርስ? ፈራሁ፣ ከልቤ ፈራሁ።

ለጽጌ ነገርኳት። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ድርብ መጋረጃ ባጠላበት ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ፊቷን ቅባት ትቀባ ነበር። ቅባቱን ከደነችው።

«እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ» አልኩ። «አንቺ ገና ሦስት ቀንሽ ነው።»

«አንተ ብቻህን ግቢዋ ከገባህ መርዶ ነጋሪ ነህ። እዚያው በር ላይ ነው ልቧ ቀጥ የሚለው።»

«እንግዲያው በደንብ ተሸፋፈኚ።»

«ተሸፋፍኜ ከሄድኩማ ሐዘንተኛ ነኝ።» ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፤ «እናቴ ፊቴን ማየት አለባት። ፊቴን ጉድ ያደረገውም ምን እንደሆነ ከእኔ አፍ መስማት አለባት።»

ይህን ብላ ከአልጋው ተነሳች። እኔ ግን ለዚያ ፊት ስትል ስንት ዓመት እንዳሰበች ስለማውቅ ነጠላዋን አቀበልኳት፤ ለመንገዱ ብቻ።

ሚኒባሱ ውስጥ ያገኘነው ወንበር በግራ በኩል መስኮት ዳር ያለው ብቻ ነበር። ረዳቱን ለመንኩት፤ ተሳፋሪዎቹን ለመንኩ። እሷ መስኮቱ ጋ ካልሆነች ያስመልሳታል ብለው ያሰቡ ይመስለኛል፣ «እዚያው ትሁን፣ አየር ታግኝ» ብለው በደግነት መስኮቱን ከፈቱላት። የታኅሣሥ ፀሐይ በታጨደው ማሳ ላይ ነጽታ፣ በነጠላው ቀዳዳ ሁሉ እየገባች እስከ ዲክሲስ አብራን ሄደች። ጃኬቴን አውልቄ ከለልኩላት። እጄ ሲዝል ጃኬቱ ይወርዳል፣ አነሳዋለሁ፣ ይወርዳል።

ግቢው ውስጥ ድንኳን ለመጣል እንጨት ቆሟል። ሰው ዙሪያውን ተቀምጧል። እማማ ወርቄ ግንቡን ተደግፈው መሬት ላይ ናቸው፤ ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን ይዘዋቸዋል። ከንፈራቸው ነጥቷል። ጽጌ በሩ ላይ ቆመች። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፣ ከላይዋ አንድ ጥላ የለም። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

ግቢው በሙሉ «ወይኔ» አለ።

«እማዬ፣ ማንም አልሞተም። ግርማ ደህና ነው» አለች እግራቸው ሥር ተንበርክካ።

እማማ ወርቄ እጃቸውን ዘርግተው ግራ ጉንጯን ዳሰሱ፤ ጠባሳውን ፈለጉ። ቅርፊቱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «እሱ የመታሽን ቦታ ነጨሽው» አሉ በሹክሹክታ። «የልጄን ምልክት ነጨሽው።»

«አልነጨሁም። ሌዘር ነው፣ እማዬ።» ጽጌ ይህን ያለችው ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ ነው። «ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነው። ለልጄ ሠርግ ቆንጆ ልሁን ብዬ። አያቷ ነሽ ሲሉኝ ከፋኝ፤ ገንዘቤን ከፍዬ፣ ፈልጌ ያስደረግኩት ነው።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስታስተምራቸው በኖረችው ገበሬዎችና ሚስቶቻቸው ፊት፣ እንዲህ አለች። እኔ አሁን ይስቁባታል ብዬ ጠበቅሁ።

እማማ ወርቄ ግን በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺማ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሽም» አሉ። «እኔን ልታጽናኚ ነው።»

እውነቱ ተነግሮ አልቋል፣ አልሠራም። ኦቦ ከድር ኪኒኑን በመዳፋቸው፣ ውሃውን በጣሳ ይዘው አጠገባቸው ቢንበረከኩም አማቴ ጥርሳቸውን ነክሰዋል። ዓይናቸው መክደን ጀመረ። ጽጌ እጃቸውን ይዛ ትለምናለች፤ እንባዋ በተላጠው ፊቷ ላይ ይወርዳል፣ ያቃጥላታል፣ አታብሰውም። ፀሐዩ እላያችን ላይ ነው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

ከዚያ ሞተር ሳይክል በሩን ጥሶ ገባ። ላዩ ላይ ያለው ሰው ከእግር እስከ ራሱ የስንዴ ገለባና አቧራ ነው። ሞተሩን መሬት ላይ ጥሎት «እማዬን! እማዬን ሳልቀብር!» እያለ ደረቱን እየደቃ ወደ ሰዉ ሮጠ።

ግርማ ነው። ኮምባይነሩ የቆመበት ቦታ ኔትወርክ የለም። አንድ የዲክሲስ ሰው ፈልጎ አግኝቶት «ኧረ ምንም አልተፈጠረም፣ ብቻ ቤት ድረስ ና» ብሎታል።

እናትና ልጅ ተያዩ። ግርማ እንደቆመ ቀረ። እማማ ወርቄ ረጅም ጊዜ አዩት፤ ፀጉሩን፣ እጁን፣ ጫማውን። ከዚያ ከኦቦ ከድር መዳፍ ኪኒኑን አንስተው ዋጡት፣ ውሃውን ጨልጠው ጠጡ። ልጃቸውንም እንዲህ አሉት፤

«ና፣ የእህትህን ፊት ምን እንዳደረግኸው እይ።»

ያኔ ሳቅን። እያለቀስን ሳቅን። ለድንኳን የመጣው ሰው ተቀምጦ ምሳውን በልቶ ሄደ።

የጽጌ ፊት ዳነ። ግንባሯ ለስልሷል፤ ቀኝ ጉንጯ ሐኪሟ እንዳለችው ጠርቷል። በግራው በኩል ግን ከጠባሳው ዙሪያ እጅ የሚያክል ጥቁረት ቀረ። በዚያው ፊቷ ልጇን ዳረች፤ በሠርጉም ሰው ሁሉ እየሳመ ሲያልፍ ግራውን ጉንጭ ነበር የሚያስቀድመው። እኔም ቆንጆ ነሽ አልኳት። አንድ ጊዜ ነው ያልኳት፣ ግን አልኳት።

ሐኪሟ ጥቁረቱ በሁለተኛ ሌዘር ሊቀንስ ይችላል ብላለች። ቀጠሮው ለመጪው ወር ነው። አሁን ግን ተምረናል፤ ምንም አንደብቅም። ትናንት ሁለታችንም የእድሩን ሊቀመንበር ጋሽ ተሰማን ቤታቸው ድረስ ሄደን አስቀድመን ነገርናቸው። ጽጌ አዲስ አበባ ሄዳ እንደምትመጣ፣ ፊቷ እንደሚቀላ፣ በር ዘግታ እንደምትቀመጥ፣ ማንም ግን እንዳልሞተ፣ እንደማይሞትም በዝርዝር አስረዳናቸው።

ጋሽ ተሰማ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰሙን። ከዚያ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማን ነው?» አሉ።