ለአቶ ይመር የተሰጠ ወንበር

ስሟን ለመጥራት የምክር ቤት ፈቃድ የሚያስፈልግባት አንዲት አገር ነበረች። በዚያች አገር ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጠው ከወንበር በመነሣት ነው፤ የደገፈ ይነሣል፣ የተቃወመ ተቀምጦ ይቀራል። እጅ ማውጣት የተማሪ፣ ወረቀት ማጠፍም የቁማርተኛ ሥራ ነው ተብሎ በአባቶች ተወግዟል። ከዚህ የበለጠ ሥርዓት በዓለም እንደሌለም የምክር ቤቱ አባላት ራሳቸው መስክረዋል።

የላይ ሰፈር ተወካዮች ወንበር አላቸው። ሸክላ የሚሠሩትና ቆዳ የሚፍቁት የታች ሰፈር ሰዎች ደግሞ አንድ ተወካይ እንዲልኩ ተፈቅዶላቸዋል፤ ስለ ወንበር ግን ሕጉ ዝም ብሏል። ስለዚህ ተወካያቸው አቶ ይመር ጓንጉል ዘመናቸውን ሁሉ በሩ አጠገብ ቆመው አሳለፉ። የቆመ ሰው ሊነሣ ስለማይችል ድምፃቸው አንድም ቀን አልተቆጠረም። እሳቸው ግን በየጉባኤው ያንኑ ረቂቅ ያቀርባሉ፦ የታች ሰፈር ሰው ከላይኛው ምንጭ ይቅዳ፤ የሚጠጣው ላይ ሰፈር የታጠበበትን ነውና። በዚያን ሰዓት አንዳንዱ አባል ያዛጋል፣ ቀኛዝማች ወርዶፋ የተባሉት ደግሞ ያንኮራፋሉ።

አቶ ይመር ሞቱ። አገሩም ምን ያህል ይወዳቸው እንደነበር በማግሥቱ ትዝ አለው። ቀኛዝማች ወርዶፋ ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ አወረዱ። ምክር ቤቱም ለሟቹ ወንበር ይሰጣቸው ብሎ ወሰነ፤ ከዝግባ የተሠራ፣ ቀይ ከፋይ የለበሰ፣ ከነሙሉ የአባልነት መብቱ፣ ለዘለዓለም።

በቦታቸው የተመረጠችው ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ ትጓደድ፣ ልጇ በዚያ ውሃ ሆዷን ታማ እንደተኛች ትታት መጣች። ወንበሩን አይታ ልትቀመጥ ስትል በረኛው ክንዷን ያዘ።

«እመቤቴ፣ ሰው አለበት።»

«ማን?»

«አቶ ይመር።»

«እሳቸውን እኮ ቀብረናቸዋል! እኔው ራሴ ቆሜ ነው ያስቀበርኩት።»

«እሱ የግልዎ ጉዳይ ነው።»

በሩ አጠገብ ቆመች። የዕለቱ አጀንዳ፣ ለሟቹ ክብር ሲባል፣ ያው የምንጩ ረቂቅ ነበር። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ ተነሡ!» ሲሉ፣ ከኀዘን ይሁን ከተዝካሩ ጠላ፣ ግማሹ ተነሣ። ቆጣሪው ቆጠረ፤ እኩል ለእኩል ሆነ።

«እኔም እደግፋለሁ!» አለች ትጓደድ።

አፈ ጉባኤው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት። «አልተነሡም።»

«ይኸው ቆሜ የለም እንዴ?»

«ጥያቄው ሳይቀርብም ቆመው ነበር። ይሄ ድምፅ አይደለም፣ ኑሮዎ ነው።»

«እንግዲያው ወንበር ስጡኝና ተቀምጬ ልነሣ!»

«ምን ያስቸኩልዎታል እመቤቴ?» አሉ ቀኛዝማች ወርዶፋ። «አቶ ይመርም ታግሠው ነው ያገኙት።»

አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ትጓደድ ደሟ ፈላ።

«በሉ የእሳቸው ድምፅ ይቆጠር! ሙሉ መብት ሰጥታችኋቸው የለ!»

ሣቁ ቆመ። ይህን ያሰበ ማንም አልነበረም። አፈ ጉባኤው ከሕግ አዋቂው ጋር ለረጅም ጊዜ ተንሾካሹከው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የታች ሰፈር ተወካይ ያሉት ትክክል ነው። ይቆጠር።»

ትጓደድ እፎይ አለች። ቆጣሪው ወደ ቀዩ ወንበር ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ከአክብሮት የተነሣም ትንሽ ጠበቀ።

«አልተነሡም፣ ክቡር አፈ ጉባኤ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ንቅንቅ አላሉም።»

«እንግዲህ ተቃውመዋል» አሉና አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን አሳረፉ። ረቂቁ በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ።

«የራሳቸውን ረቂቅ?» ስትል ጮኸች።

«ታላቅነታቸው እዚህ ላይ ነው» አሉ ቀኛዝማች ወርዶፋ እንባቸውን እየጠረጉ። «ለወገናቸው እንኳ አላደሉም።»

በዚህ ልባቸው የተነካ አባላትም ወዲያው ሌላ ሐሳብ አቀረቡ፤ ላይኛው ምንጭ «የአቶ ይመር ምንጭ» ይባል፣ ክብሩ እንዳይደፈርም የታች ሰፈር ሰው አይቅረበው የሚል። ለዚህኛው የላይ ሰፈር ተወካዮች በሙሉ ከወንበራቸው ተነሡ። ከአቶ ይመር በቀር የተቃወመ አልነበረም፤ ወይዘሮ ትጓደድም በሩ አጠገብ ቆማ ስለታየች ከደጋፊዎቹ ጋር ተቆጠረች።